ሃርለኩዊን ሽሪምፕን ፍለጋ ሲጠልቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ታይላንድ ውስጥ፣ በአንዳማን ባሕር ላይ የሚገኘው ሪሼልዩ ሮክ የተባለው ዓለት በሃርለኩዊን ሽሪምፕ ከሚታወቁ ቦታዎች አንዱ ነው። ይህ ባለ ቅርፊት የባሕር ፍጥረት ቢያድግ ቢያድግ ከ5 ሳንቲሜትር ብዙም አያልፍም። ነጣ ባለው ገላው ላይ ሐምራዊና ሰማያዊ ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎበታል፤ የፊት መቆንጠጫዎቹ ደግሞ እንደ አበባ ቅጠል ሰፊና ስስ ናቸው። እንዲህ አምሮም አጠገቡ ደርሶ ሳያየው የሚመለስ ጠላቂ ብዙ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ሽሪምፑን ራሱን መፈለግ ነው። መፈለግ ያለበት ምግቡ ነው፤ የሚበላው የባሕር ኮከብ (ክንዶቹ እንደ ኮከብ የተዘረጉ የባሕር እንስሳ) ብቻ ነውና። ስለዚህ በዓለት ስንጥቅ አፍ ላይ ተገልብጦ የተጋደመ፣ የክንዱ ጫፍ የተበላ የባሕር ኮከብ ካዩ ከዚያ አይለፉ። ሃርለኩዊን ሽሪምፖች አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ሆነው ይኖራሉ። ሁለቱ ተጋግዘው ኮከቡን ይገለብጡና ከክንዱ ጫፍ ጀምረው ወደ መሐሉ እየበሉ ይገባሉ። ኮከቡ ቶሎ ስለማይሞት ምግባቸው ለቀናት ይበቃቸዋል፤ ዛሬ የታዩበት ስንጥቅ ነገም መታየት አለበት። አንዱን ካገኙ ሌላውን እዚያው አካባቢ ይፈልጉ። ተለቅ የምትለው ሴቷ ናት።

መቸኮልም ሌላው ስህተት ነው። ዓለቱን በሙሉ ለማዳረስ ከመሮጥ አንዲት ጥግ ላይ ረጋ ብሎ መቆየት ይሻላል።

ወደ ስንጥቁ ሲጠጉ ሚዛን መሳት ግን ጉዳቱ ይከፋል። ጉልበት ኮራል ላይ ያርፋል፣ የእግር መቅዘፊያው አሸዋውን ያስነሣና ምንም አይታይም። ኮራል ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ብዙው ዓይነት በዓመት የሚያድገው ጥቂት ሳንቲሜትር ወይም ከዚያ በታች ነው። በአንድ ርግጫ የተሰበረውን ለመተካት ዓመታት ያስፈልጋሉ። ባለበት መንሳፈፍ ያልለመደ ሰው መጀመሪያ እሱን ይለማመድ፤ ሽሪምፑ ይቆየው።

ባትሪዎን ፊት ለፊት አያብሩበት። ወደ ውስጥ ይሸሻል። የብርሃኑን ዳር ብቻ ያሳርፉበት።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ለፎቶ ሲባል ከቦታው ማንቀሳቀስ ነው። በዘንግ እየገፉ ወደ ሜዳ የሚያወጡት አሉ፤ ከሌላ ቦታ የባሕር ኮከብ አምጥተው ፊቱ የሚያኖሩም አሉ። ከመደበቂያው የወጣ ሽሪምፕ ለዓሣ ሲሳይ ነው፣ ኮከቡም ከኖረበት ተነቅሏል። ይህን ከአስጎብኚው ጋር ጀልባው ላይ ሳሉ ይነጋገሩበት፤ «እንዳይነካብኝ» ይበሉት። ውኃ ውስጥ ከገቡ በኋላ ማስረዳት ያስቸግራል።

ካሜራ የያዘ ሰው የመተንፈሻ አየሩን ማየት ይረሳል። ሪሼልዩ ሮክ ላይ ደግሞ የውኃው ፍሰት ሊበረታ ስለሚችል የቀረውን አየር የሚያሳየውን ጌጅ ቶሎ ቶሎ ይመልከቱ። ጥቂት ፎቶ አንሥተው ለተረኛው ይልቀቁ።

የጉዞውንም ጊዜ አይሳቱ፦ ቦታው የሚገኝበት የሱሪን ደሴቶች ብሔራዊ ፓርክ በዝናቡ ወቅት፣ በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ገደማ፣ ለጎብኚ ዝግ ነው።