ሚያታዬን ኩርባ ላይ ያረጋጋው የጎማ ንፋስ

ዌስት ቨርጂኒያ ሰሚት ፖይንት የመኪና መወዳደሪያ ትራክ ላይ ስነዳ፣ ማዝዳ ሚያታ መኪናዬ ጥቂት ዙር እንደሄደች ጠባይዋ ይለወጥ ነበር። መጀመሪያ ላይ መሬቱን ጥብቅ አድርጋ ይዛ ትዞራለች። ቆየት ስትል ግን መሪውን ባዞረውም ፊቷ ወደ ውጭ ይንሸራተታል።

ነገሩ የጎማው ንፋስ ነበር። ጎማ ሲግል ንፋሱ ይጨምራል፤ በየ5 ወይም 6 ዲግሪ ሴልሺየሱ 1 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ። ጠዋት 32 የሞላሁት የግራ ፊት ጎማ ከትራክ ስወጣ 41 ደርሷል። እንዲህ ሲወጠር መሬት የሚይዘው በዋናነት መሃሉ ነው።

ስለዚህ የምለካበትን ሰዓት ቀየርኩ። ለትራክ ወሳኙ ጎማው በጋለበት ጊዜ ያለው ቁጥር ነው። ፒት (ትራኩ ዳር ያለው የመኪና መቆሚያ) እንደገባሁ፣ ሳይበርድ፣ አራቱንም ወደ 35 አስተነፈስኳቸው። እዚህ ትራክ ላይ አብዛኛው ኩርባ ወደ ቀኝ ስለሆነ ጫናው የሚያርፈው በግራዎቹ ላይ ነው፤ ብዙ ንፋስ የወጣውም ከነሱ ነው።

ከዚያ የጎማው ትከሻ ላይ፣ ማለትም መሬት የሚረግጠው ክፍል ወደ ጎን የሚታጠፍበት ጠርዝ ላይ፣ በጠመኔ አሰመርኩና እንደገና ነዳሁ። ጎማዬ ጠርዙ ላይ ትንሽ የሦስት ማዕዘን ምልክት አለው። ጠመኔው እስከ እሷ ከተፋቀ ልክ ነው። አልፏት ከወረደ ንፋሱ አንሷል፣ ሳይደርስባት ከቀረ በዝቷል። የፊተኞቹ ምልክቷ ጫፍ ላይ ቆሙ። መኪናዋም እስከ መጨረሻው ዙር ወዳዞርኳት ሄደችልኝ።

ሲበርዱ ብለካቸው የግራው 27፣ የቀኙ 28 ሆኑ። አሁን ጠዋት የምነሳው ከነዚህ ቁጥሮች ነው። 35 ግን ለኔ ቀላል መኪናና ለመንገድ ጎማ የሠራ ቁጥር ነው፤ ለከባድ መኪና ወይም ለስሊክ (ጥርስ ለሌለው የውድድር) ጎማ እንዳትወስዱት። ወደ ቤት ስትመለሱም በሹፌሩ በር በኩል የተለጠፈውን ቁጥር ሙሉ።