ውሃ የሚያፈላ መኪና ሳይገዙ መለየት፦ ችግርና መፍትሄ

ጎማ፣ መብራት፣ ቦሎና የዘይት መጠን ማየት ማንም ስለሚያውቅ እዚህ አይደገምም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያገለገለ መኪና ገዝቶ ብዙም ሳይቆይ ጋራዥ የሚያቆም ሰው ብዙ ጊዜ የሚገጥመው አንድ ችግር ነው፦ ሞተሩ ቀድሞ ውሃ አፍልቷል፣ ቴስታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወይም የቴስታው ጋስኬት (በቴስታውና በሞተሩ ብሎክ መካከል ያለው ማሸጊያ) ተበላሽቷል፣ ሻጩም አጥቦና ሸፍኖ አቅርቦታል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ከውጭ ማስገባት ከተከለከለ በኋላ ያረጀውም በውድ ይሸጣል፤ መሸፈኑም በዚያው ልክ አዋጭ ሆኗል።

ችግሩ እዚህ የሚበዛው በከፍታው ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ክዳኑ ክፍት በሆነ ዕቃ ውስጥ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ጤነኛ ሞተር ደግሞ የሚሠራው እዚያው 90 አካባቢ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ብቻ ነው። 0.9 (ባር፣ የግፊት መለኪያ) የተጻፈበት ክዳን ግፊቱን በትክክል ከያዘ ውሃው እስከ 113 ዲግሪ ገደማ ይታገሣል። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ያለው መኪና ሸዋ ሮቢት ሜዳ ላይ ምንም ሳይል ይሄዳል፤ ከዚያ ተነስቶ ወደ ጣርማበር ዋሻ ሽቅብ ሲጎተት ግን ያፈላል። ባለቤቱ መንገድ ዳር አቁሞ ከወንዝ የቀዳውን ቀዝቃዛ ውሃ በጋለ ሞተር ላይ ይጨምራል። ቴስታ የሚጣመመው ወይም የሚሰነጠቀው ያኔ ነው።

ሞተሩ ስትደርሱ ሞቆ ከጠበቃችሁ

«ወንድሜ፣ ዘይት ልቀይር ሄጄ አሁን መመለሴ ነው» የሚል ሻጭ መኪናውን አሙቆታል። ተመለሱና በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳያስነሳው ለማየት ቀጠሮ ያዙ። ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩን በእጃችሁ ዳስሱ፤ ለብ ካለ ዳግም ቀጠሮ አያስፈልግም፣ ሌላ መኪና ፈልጉ። የጋለ ራዲያተር ክዳን በጨርቅም ቢሆን አትክፈቱ። ፊትና ደረት ያቃጥላል።

ክዳኑ ሲከፈት ንጹሕ ውሃ ከታየ

ሻጮች ይህን እንደ ጤና ምልክት ያቀርቡታል፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። ራዲያተር ውስጥ መኖር ያለበት ቀለም ያለው ኩላንት ነው። ኩላንት ዝገትን ይከላከላል፣ የመፍያ ነጥቡን ከፍ ያደርጋል፣ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ውሃው እንዳይረጋም ይጠብቃል። ጥርት ያለ የቧንቧ ውሃ ማለት ወይ ሁልጊዜ በውሃ ብቻ ተነድቷል፣ ወይ ትናንት ታጥቧል ማለት ነው። ጣታችሁን ወደ አፉ አስገብታችሁ ከውስጥ በኩል ጥረጉ፦ ቡናማ ዝገት ከወጣ ራዲያተሩ በከፊል ተደፍኗል። የሚሻክር አሸዋ መሰል ነገር ወይም የብር ቀለም ብናኝ ከወጣ የፍሳሽ መድፈኛ ዱቄት ተጨምሮበታል። ይህ ዱቄት ስንጥቁን ለሳምንታት ይይዝና የራዲያተሩንና የካቢኑን ማሞቂያ ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። ቅባት ከተንሳፈፈ ዘይት ከውሃ ተቀላቅሏል፤ መኪናውን ተዉት።

ዋናው ፍተሻ፦ ከብርድ ማስነሳት

ክዳኑን እንደከፈታችሁ ውሃውን እስከ አፉ ሙሉና አስነሱ። መጀመሪያ ጥቂት አረፋ መውጣቱ የታመቀ አየር ነው፣ ያልፋል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶም ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር አረፋው የሚበዛ ወይም ውሃው የሚተፋ ከሆነ የቃጠሎ ጋዝ በጋስኬቱ በኩል ወደ ውሃው እየገባ ነው። ቀጥሎ አጥፍታችሁ ክዳኑን ግጠሙ፣ እንደገና አስነሱና የላይኛውን የራዲያተር ጎማ (የውሃውን ቱቦ) ጨብጡ። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ጎማው እንደ ድንጋይ ከጠጠረ መልሱ ያው ነው፤ ሙቀት ሳይኖር ግፊት የሚፈጥረው የሲሊንደር ጋዝ ብቻ ነው። የጋዝ መለያ ፈሳሽ ያለው ጋራዥ ካገኛችሁ ይበልጥ እርግጠኛ ትሆናላችሁ፦ ሰማያዊው ፈሳሽ በቤንዚን ሞተር ወደ ቢጫ፣ በናፍጣ ወደ አረንጓዴ ይቀየራል።

በደብረ ብርሃን ብርድ ገዢን የሚያሳስቱ ሁለት ነገሮች አሉ። ጠዋት ከጭስ ማውጫ የሚወጣ ነጭ እንፋሎት የማንም መኪና ነው፤ ሞተሩ ሲሞቅ መጥፋት አለበት። ከሞቀ በኋላም አየር ላይ የሚንሳፈፍ ነጭ ጭስ ግን ውሃ እየተቃጠለ መሆኑን ያሳያል። ጣፋጭ ሽታ አትጠብቁ፣ ሽታው የኩላንት ነው፤ በውሃ ብቻ የሚነዳ መኪና አይሸትም። ሁለተኛው በዘይት መሙያ ክዳን ሥር የሚታይ ወተት መሰል አረፋ ነው። አጭር መንገድ ብቻ የሚሄድ መኪና በብርድ ወቅት ጤነኛ ሆኖም ይፈጠርበታል። የሚፈርደው የዘይት መለኪያው ዘንግ ነው፤ ዘንጉም ወተት ከመሰለ ጋስኬቱ ወይም ቴስታው አልቆለታል።

ፋኑ ከብርድ ጀምሮ ከዞረ

የአየር ማቀዝቀዣው (ኤሲ) ጠፍቶ ሳለ ቁልፍ እንደተከፈተ ፋኑ የሚዞር ከሆነ ብዙ ጊዜ በቀጥታ መስመር ተሰጥቶታል። አብሮም ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ የውሃውን መንገድ የሚዘጋው) ተነቅሎ ሊሆን ይችላል፦ ሩብ ሰዓት ነድታችሁ የካቢኑ ማሞቂያ ሙቅ አየር ካልሰጠ ወይ ተነቅሏል፣ ወይ የማሞቂያው ቱቦ ተደፍኗል። «ለአገራችን ቴርሞስታት አያስፈልግም» የሚል መካኒክ ሞተር ያበላሻል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲሠራ ነዳጅ ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል። ብዙ ቪትዞች የሙቀት ቀስት የላቸውም፣ ሰማያዊና ቀይ መብራት ብቻ ነው ያላቸው። በጠዋት ብርድ ሲነሳ ሰማያዊው ካልበራ መብራቱ ወይም ሽቦው ተነካክቷል።

ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ የእመቃ ግፊት) ሲለካ ዝቅ ካለ

ለመደንገጥ አትቸኩሉ። እዚህ ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ 70 በመቶ ገደማ ስለሆነ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ 200 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) የሚለው ጤነኛ ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ 140 አካባቢ ያነባል። ይህን ሳያሰሉ «ሞተሩ አልቋል» የሚሉ አሉ። ማየት ያለባችሁ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ዝቅ ካሉ ጋስኬቱ በመካከላቸው ነድዷል። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ጉልበት ማነሱም በሽታ አይደለም።

መፍትሄው፣ በቅደም ተከተል

አረፋም የጠጠረ ጎማም ከሌለ፣ ችግሩ ሽቅብ ላይ መሞቅ ብቻ ከሆነ፣ ከርካሹ ጀምሩ፦ ክዳን (ቁጥሩ ከቀድሞው ጋር አንድ ይሁን)፣ ያበጠ የውሃ ጎማ፣ የላላ ቺንጋ (የሞተሩ ቀበቶ)፣ የፋን መስመር፣ ቴርሞስታት፣ ከዚያ ራዲያተር። ስሙ ያልታወቀ ርካሽ ቴርሞስታት ዝግ ሆኖ ከቀረ ቴስታ ያስከፍላችኋል፤ ከመግጠማችሁ በፊት በፈላ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ መከፈቱን እዩ።

ጋስኬት ከሆነ ቴስታው ይወርዳል። ቶርኖ ቤት ተወስዶ በቀጥ ያለ ብረትና በስስ መለኪያ ይታያል፤ በብዙ የቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች የሚፈቀደው ጥመት 0.05 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በግፊት ስንጥቅ ይፈተሽ፣ ከዚያ ይላጭ። የብሎኩም ፊት ይለካ፤ ይህን የሚዘል ብዙ ነው። አሮጌ ጋስኬት አይመለስም፣ በጋስኬት ላይ ሲሊኮን አይቀባም፣ የተሳቡ ቡሎኖች ይቀየራሉ፣ የሚጠብቁትም ከመሀል ወደ ዳር በቶርክ ቁልፍ (ጥብቀቱን በሚለካ ቁልፍ) ነው። «እጄ ያውቀዋል» ለሚል ሰው ሞተር አትስጡ። ሲሞላ ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል፣ ለትንንሽ መኪኖች በጠቅላላ ከ4 እስከ 6 ሊትር፣ የካቢኑ ማሞቂያ ሙቅ ላይ ተደርጎ፣ ፋኑ ሁለቴ እስኪዞር ሞተሩ ይሥራ።

ሌሎቹ ባጭሩ

ፍሬን ሲያዝ መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ቁልቁለት ላይ ጋይቶ ተጣሟል፤ ሰማያዊ ጥላ ካለበት ይቀየር። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተዞረ መኪና ከሆነ ከዳሽቦርዱ ሥር የሽቦ ቅጥያዎችን እዩ። ላሜራው ላይ ማግኔት ካልያዘ ሥሩ ስቱኮ ነው። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር በዓይናችሁ ይመሳከር፣ ደላላው ባነሳው ፎቶ አይደለም።

የመጨረሻው ፈተና መንገድ ነው። እስከ ደብረ ሲና ወርዳችሁ፣ አራት ሰው ጭናችሁ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ወደ ዋሻው ተመለሱ። ላይ ስትደርሱ ሳታጠፉ አቁሙና ቀስቱን፣ የመጠባበቂያውን ጠርሙስና የመኪናውን ሥር እዩ። ሻጩ ለዚህ መንገድ እምቢ ካለ ቀብድ አትስጡ።