ሕመሙ አልለቅ ሲል፣ ስሜቱም አልገለጽ ሲል ሐኪም ፊት ምን ይባላል?

ወገባችሁን ከሦስት ወር በላይ አሟችኋል። ራጅ ተነሣችሁ፣ ደም ሰጣችሁ፣ «ምንም የለም» ተባላችሁ። ሐኪሙ «ስሜትህስ እንዴት ነው?» ሲል ደግሞ «ደህና ነኝ፣ ወገቤን ብቻ ነው» ትላላችሁ። ቻል አድርገው እየተባለ ላደገ ሰው ሌላ መልስ ከየት ይመጣል?

የራስን ስሜት ለይቶ ለማወቅ መቸገር በሕክምናው አሌክሲታይሚያ ይባላል። ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም። በየትኛውም ሕዝብ ውስጥ አለ፤ የቆየ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ላይ ግን በብዛት ይታያል። ብዙ ጊዜ የሚለካው 20 ጥያቄ ባለው መጠይቅ ሲሆን አንዱ ጥያቄ ሐኪሞች እንኳ ያልገባቸው ነገር ሰውነታችሁ ላይ ይሰማችሁ እንደሆነ ይጠይቃል። ለዓመታት መፍትሔ ያጣ፣ በዚያ ላይ በሰው አገር በአስተርጓሚ የሚታከም ሰው «አዎ» ቢል ምን ይገርማል? ስለዚህ ነጥባችሁ ከፍ ስላለ ብቻ «የእነሱ ባህል ስሜት አያውቅም» ቢባል አትቀበሉ።

መጀመሪያ አደገኛውን ለዩ። እግር ከዛለ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ደረት ካመመ፣ ትኩሳት ካለ ወይም ያለ ምክንያት ከከሳችሁ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ።

ከዚህ ውጪ ከሆነ ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ ስልካችሁ ላይ ጻፉ። የት አመመኝ? ከዚያ በፊት ምን ነበር? ሰውነቴ ሌላ ምን አደረገ? ስሜቱን መጨረሻ ላይ ገምቱ፦ ንዴት፣ ፍርሃት፣ ሐዘን፣ እፍረት፣ ናፍቆት። ካልመጣላችሁ «አላውቅም» ብላችሁ እለፉት።

ለምሳሌ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ አረጋውያን የምትንከባከብ ሴት እንዲህ ልትጽፍ ትችላለች፦ «ሐሙስ። ትከሻ። ከደሴ ተደውሎ ስለ ወንድሜ ክፍያ ካወራን በኋላ። ጥርሴን ነክሼ ነበር። ስሜት፦ አላውቅም።» ስልክ በተደወለ ቁጥር ይኸው ከተደጋገመ ለሐኪሙ የምትነግረው ነገር አገኘች። ትከሻዋን አላመማትም ማለት ግን አይደለም! ሰው ስታነሣ ስታስተኛ የምትውል ሴት ጡንቻዋ ይጎዳል፣ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ደግሞ ያንኑ ሕመም ያባብሱታል። ሁለቱም መታከም አለባቸው።

ሐኪሙ «ከ0 እስከ 10 ስንት ነው?» ሲል ቁጥር ብቻ አትስጡ። «ሰባት ነው፣ ምጣድ ማንሳት አቅቶኛል፣ ሌሊት ያነቃኛል» በሉ። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ ስላለባቸው ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ። ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ እናት በልጇ አፍ ፍርሃቷን አትናገርም።

«ጭንቀት ነው» ተብላችሁ ከተሸኛችሁም ዝም ብላችሁ አትውጡ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ላይ ከተጠየቁት ነጭ የሕክምና ተማሪዎችና ሬዚደንቶች (ተመርቀው በሥራ ላይ የሚሠለጥኑ ሐኪሞች) ግማሽ ያህሉ የጥቁር ሰው ቆዳ ወፍራም ነው እንደሚለው ያለ ቢያንስ አንድ የተሳሳተ እምነት ነበራቸው፤ እነዚሁ ሰዎች የጥቁር ታካሚን ሕመም ዝቅ አድርገው ገምተዋል። ስለዚህ ጠይቁ፦ ምን ምን ተመርምሮ ነው? ለጭንቀቱ ሕክምናው ምንድን ነው? ለሕመሙስ ፊዚዮቴራፒ ይታዘዝልኛል? መልሱ መዝገባችሁ ላይ እንዲጻፍ አድርጉ። ጠበል የምትጠመቁ ከሆነም ሳትደብቁ ለሐኪሙ ንገሩት፣ መድኃኒቱን ግን ሳታማክሩት አታቋርጡ።