የጉበት ትልን በደም ምርመራ እንዴት መለየት ይቻላል?

ጥቅምት ሲገባ ደምቢያና ፎገራ ላይ ሜዳው መድረቅ ይጀምራል። ከብቱም ሣር ፍለጋ ወደ ጣና ዳር፣ ወደ ረግረጉና ወደ ባሕር ሸሹ (ውሃው ሲሸሽ ወደሚገለጠው መሬት) ይወርዳል። እዚያ ያለው ሣር ለምለም ነው። ችግሩ የጉበት ትል እጭም የሚጠብቀው እዚያው መሆኑ ነው። ክረምቱን ቀንድ አውጣ ውስጥ ሲራባ ይከርምና ወጥቶ ሣሩ ላይ ይለጠፋል። ከብቱ ከሣሩ ጋር ይግጠዋል።

አብዛኛው ሰው የሚያውቀው የእበት ምርመራን ነው። ጥሩ ምርመራ ነው፤ ግን ይዘገያል። ትሉ አድጎ እንቁላል መጣል እስኪጀምር ቢያንስ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ መሃል በጉ ድንገት ሊሞት ይችላል፤ የእበቱ ውጤት ግን አሁንም «ምንም አልተገኘም» ይላል። ደም ቀድሞ ይናገራል፤ ምን እንደምንጠይቀው ካወቅን።

1. መጀመሪያ ወሩን ቁጠሩ

እንስሳው እርጥብ ቦታ መጋጥ የጀመረው መቼ ነው? ከገበያ የተገዛ ከሆነ ሻጩን ከየት እንዳመጣው ጠይቁት። ይህን ሳያውቁ የላብራቶሪ ወረቀት ይዞ መቆዘም ዋጋ የለውም፤ ያው ቁጥር በኅዳርና በጥር የተለያየ ነገር ይናገራልና። ቀኑን ጽፋችሁ ለሐኪሙ ስጡት።

2. ደሙን በባለሙያ አስቀዱ

ከሲታዋን ላም ብቻ መርጣችሁ አትውሰዱ። አንድ ላይ ከሚግጡት ውስጥ ደህና የሚመስሉትንም ቀላቅሉ። አምስት ስድስት እንስሳ ስለ መንጋው ብዙ ይናገራል።

ደሙ የሚቀዳው አብዛኛውን ጊዜ ከአንገት ሥር ነው። ሁለት ቲዩብ ያስፈልጋል። ሐምራዊ ክዳን ያለው ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርግ ኢዲቲኤ አለው፤ የደም ማነስ የሚታየው በእሱ ነው። በቀስታ ከስምንት እስከ አሥር ጊዜ ይገለባበጣል። ቀይ ክዳን ያለው ደግሞ ሳይነካ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ሲቆይ ደሙ ይረጋል። ከዚያ በሴንትሪፊዩጅ ይሽከረከርና ከላይ የሚቀረው ብጫማ ሴረም ይወሰዳል።

ብዙ ናሙና የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። በቀጭን መርፌ በኃይል የተሳበ ወይም የተናጠ ደም ሴሎቹ ይፈነዱና ሴረሙ ቀይ ይሆናል። ቀይ ሴረም ኤኤስቲን (ጉበት ወይም ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ኢንዛይም) በውሸት ከፍ ያደርገዋል። ከቆላ ድባ ወይም ከማክሰኝት ጎንደር ድረስ በሚኒባስ የሚመጣ ከሆነ፣ ቢቻል ሴረሙ እዚያው ተለይቶ በበረዶ ሳጥን ይምጣ። ያልተለየ ደም ፍሪዘር ውስጥ አይገባም። በፌስታል ተንጠልጥሎ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ናሙና ይዞ ውጤት መጠበቅ ብር መጣል ነው።

3. የሚታዘዘውን ምረጡ

ሰው ጉበቱን ሲታመም ኤኤልቲ የሚባል የጉበት ኢንዛይም ምርመራ ይታዘዝለታል። ለላምና ለበግ ጉበት ግን ኤኤልቲ ብዙም አይረባም። የሚጠቅሙት እነዚህ ናቸው፦ ጂኤልዲኤች (የጉበት ሴል ሲጎዳ የሚወጣ ኢንዛይም)፣ ኤኤስቲ፣ ጂጂቲ (የሐሞት ቱቦ ሲጎዳ የሚጨምር ኢንዛይም)፣ አልቡሚንና ግሎቡሊን (የደም ፕሮቲኖች) እና ፒሲቪ (ከደሙ ውስጥ የቀይ ሴሎቹ ድርሻ በመቶ)። ጂኤልዲኤች በየላብራቶሪው ላይገኝ ይችላል። ገንዘብ ካጠረ ፒሲቪና ጂጂቲ ይቅደሙ።

4. ወረቀቱን ከወሩ ጋር አንብቡ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትናንሾቹ ትሎች የጉበቱን ሥጋ እየበሱ ይጓዛሉ። የተጎዳው ሴል ጂኤልዲኤችና ኤኤስቲን ወደ ደም ይለቃል። ጂጂቲ ገና ደህና ሊሆን ይችላል። ኤኤስቲ ግን ከጡንቻም ይወጣል። ረጅም መንገድ የተነዳ፣ የተደበደበ ወይም ተኝቶ የሰነበተ በሬ ጉበቱ ጤነኛ ሆኖ ኤኤስቲው ሊንር ይችላል። ከተጠራጠራችሁ የጡንቻውን ምልክት፣ ሲኬን፣ አብራችሁ አሳዩ።

ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ትሉ ወደ ሐሞት ቱቦ ይገባል። ያኔ ጂጂቲ ይወጣል። በጥርና በየካቲት ከፍ ያለ ጂጂቲ ያለው፣ ረግረግ የጋጠ በግ ካያችሁ ከሁሉ በፊት የጉበት ትልን ጠርጥሩ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፤ እንገር የጠባ ትንሽ ጥጃ ትል ሳይኖርበትም ጂጂቲው ከፍ ይላል።

ያደገ ትል ደም ይመጥጣል፤ አንዱ በቀን እስከ ግማሽ ሚሊ ሊትር። ሲበዙ ፒሲቪ ይወርዳል። ለከብት ከ24 በመቶ፣ ለበግ ከ27 በመቶ በታች ከሆነ ደም ማነስ አለ። አልቡሚን ይቀንሳል፤ አገጩ ሥር የሚታየው ውሃ የቋጠረ እብጠት የሚመጣው በዚሁ ነው። ግሎቡሊን በተቃራኒው ይጨምራል። የደም ሴል ቆጠራ ከተሠራ ኢሲኖፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል በዝቶ ይገኛል። ግን ደም ማነስን ብቻ ይዛችሁ «የጉበት ትል ነው» አትበሉ። በግ ላይ የጨጓራ ትል፣ ከብት ላይ ደግሞ ገንዲም መዥገር የሚያመጣው በሽታም ደም ይጨርሳል።

ሁሉም ቁጥር ደህና ከሆነስ? ጥቂት ትል ብቻ ያለበት እንስሳ ቁጥሩ ላይነቃነቅ ይችላል። ስለዚህ ንጹሕ ወረቀት ሙሉ ዋስትና አይደለም። ኢላይዛ (ሰውነት ትሉን ለመከላከል የሚሠራውን ፀረ እንግዳ አካል የሚፈልግ ምርመራ) የሚሠራ ላብራቶሪ ከተገኘ፣ እንስሳው በትሉ ከተያዘ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ፀረ እንግዳ አካሉ መታየት ይጀምራል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፤ ይህን መጠየቅ ከዚያ ይጀመር።

5. በእበት አረጋግጡ፣ ከዚያ መድኃኒቱን ምረጡ

ሦስት ወር ካለፈ እበቱም ይታይ። የዚህ ትል እንቁላል ከባድ ስለሆነ ይዘቅጣል። «በማዝቀጥ ዘዴ ይታይልኝ» በሉ፤ በተለመደው የማንሳፈፍ ዘዴ በቀላሉ ያመልጣል።

የደሙ ንባብ ብር የሚያድነው እዚህ ላይ ነው። በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኘው አልቤንዳዞል የሚገድለው ያደገውን ትል ነው። ጉበት እየበሳ ያለውን ትንሹን አይነካውም። ኤኤስቲው ጨምሮ ጂጂቲው ገና ካልጨመረ ሐኪሙን ስለ ትሪክላቤንዳዞል ጠይቁት፤ እሱ ትንንሾቹንም ይገድላል። መጠኑ በክብደት ስለሚለካ በግምት አትስጡ። በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ላለች እንስሳ አልቤንዳዞል አይሰጥም። የምትታለብ ላም ካለችም መድኃኒቱ ይሰጣት እንደሆነ፣ ከተሰጣትም ወተቷ ለስንት ቀን እንደማይጠጣ ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ከሕክምናው በኋላ ጂጂቲ የሚወርደው ቀስ እያለ ነው፤ ከወር እስከ ሁለት ወር ታግሳችሁ ድገሙት። ኢላይዛውን ግን ቶሎ አትድገሙ። ትሉ ከሞተም በኋላ ለወራት «አለ» ማለቱን ይቀጥላል።