ኮቪድ አብሮን ሲኖር፦ የማያባራውን ጭንቀት አደብ ማስገዛት

ጉሮሯችሁን ትንሽ ከከረከራችሁ ስለ ኮቪድ እያሰባችሁ የምታድሩ ከሆነ፣ ሊፍት ውስጥ ሰው ሲያስል ትንፋሻችሁን የምትይዙ ከሆነ፣ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። እኔም ከዚህ ስጋት ጋር ዓመታት ኖሬያለሁ። ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም። ግን እንደ ድሮው ቀኔን አይቀማኝም። ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። የምትፈሩት ነገር በእውን ያለ ነገር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሜይ 5 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የጤና አስቸኳይ ሁኔታ አበቃ ሲል፣ ቫይረሱ ጠፋ አላለም። እንዲያውም ሰው መግደሉንና መለዋወጡን እንዳልተወ በዚያው መግለጫ ተናግሯል። ብቻችሁንም አይደላችሁም። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ብቻ ጭንቀትና ድባቴ በዓለም ዙሪያ በ25 በመቶ እንደጨመሩ ይኸው ድርጅት አሳውቋል። ስለዚህ «ተወው፣ ያለፈ ነገር ነው» የሚላችሁ ሰው አስቦላችሁ ቢሆንም ልክ አይደለም። «ከቤት አትውጡ» የሚላችሁም ልክ አይደለም።

ከሁሉ በፊት ጥንቃቄንና ጭንቀትን መለየት ያስፈልጋል። ከውጭ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ። እኔ የምለያቸው በአንድ ነገር ነው፤ ጥንቃቄ ማለቂያ አለው። መስኮት ከፈትኩ፣ አለቀ። ማስኬን አደረግኩ፣ አለቀ። ጭንቀት ግን አያልቅም። ትኩሳቴን ለካሁ፣ 36.6 ነው፣ ደስ አለኝ፣ ከአስር ደቂቃ በኋላ «ምናልባት አሁን ጨምሮ ቢሆንስ?» ብዬ መልሼ ለካሁ፤ በዚህ ዓይነት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻ ዘጠኝ ጊዜ ለክቼ አውቃለሁ። ዘጠነኛው ልኬት ከበሽታ አልጠበቀኝም። የሰጠኝ የአስር ደቂቃ እፎይታ ነው፣ ያችን እፎይታ ለማግኘት ደግሞ መልሼ መለካት ነበረብኝ። ስለዚህ አንድ ነገር ልታደርጉ ስትሉ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህን ካደረግኩ በኋላ ነገሩ ያልቃል ወይስ እንደገና ልሠራው ነው?

ጭንቀት የሚፈልገው እርግጠኝነት ነው። «ፈጽሞ አልያዝም» የሚል ማረጋገጫ። እሱን ማንም ሊሰጣችሁ አይችልም። ለእኔ ነገሩን የቀየረው እርግጠኛ ለመሆን መሟገቱን ትቼ፣ ውሳኔዬን ልቤ በተረጋጋበት ሰዓት አንዴ ወስኜ በወረቀት ላይ መጻፌ ነው። ከዚያ በፊት ለአንድ የልደት ግብዣ ልሂድ ወይስ ልቅር እያልኩ ሦስት ቀን ተሟገትኩ፣ በመጨረሻ ሄጄ በሩ ላይ ደርሼ ተመለስኩ። ያን ምሽት እያለቀስኩ ነው ያደርኩት። ያደከመኝ ቫይረሱ ሳይሆን በየጊዜው ከዜሮ የምጀምረው ሙግት እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ወረቀቱ አንድ ገጽ ይበቃዋል። የእኔ እንዲህ ይላል፦ ሰው በሚበዛበት ዝግ ቦታ ማስክ አደርጋለሁ። ሐኪም ቤትና አውሮፕላን ውስጥ ሁልጊዜ። እንግዳ ሲመጣ መስኮት እከፍታለሁ። ደጅ ላይ ማስክ አላደርግም። የተገዛ ዕቃ አላጥብም። ክትባቴን በጊዜው እወስዳለሁ። ካመመኝ ቤት እቀራለሁ፣ እመረመራለሁ። የእናንተ ከዚህ ሊጠብቅም ሊላላም ይችላል። ዕድሜያችሁ፣ ሌላ በሽታ መኖር አለመኖሩ፣ አብሯችሁ የሚኖረው ሰው ሁኔታ ይወስነዋል። የበሽታ መከላከል አቅማችሁ የደከመ ከሆነ ወረቀቱን ከሐኪማችሁ ጋር ሆናችሁ ጻፉት።

ሕጎቹ በደመነፍስ የሚጻፉ አይደሉም፣ ቫይረሱ በሚተላለፍበት መንገድ ላይ መመሥረት አለባቸው። ኮቪድ በዋናነት የሚጓዘው በአየር ነው። የታመመ ሰው ሲተነፍስ፣ ሲያወራ፣ ሲዘፍን የሚወጡት በዓይን የማይታዩ ብናኞች አየር በማይዘዋወርበት ክፍል ውስጥ እንደ ጭስ ይንሳፈፋሉ። መስኮት ሲከፈት ጭሱ ይሳሳል፣ ደጅ ላይ ደግሞ ቶሎ ይበተናል። ስለዚህ «አሁን እዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ቢያጨስ ምን ያህል ይሸተኝ ነበር?» ብላችሁ ብትጠይቁ የቦታውን አደጋ በግምት ታውቁታላችሁ። ኤን95 የሚባለው ማስክ ቢያንስ 95 በመቶ የሚሆነውን ጥቃቅን ብናኝ ያስቀራል፣ ያውም ፊት ላይ በደንብ ሲገጥም ነው፤ ዳርና ዳሩ አየር ካስገባ ግን ጥቅሙ ይቀንሳል። ዕቃ ማጠቡን ለምን ተውኩ? የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በ2021 እ.ኤ.አ. እንደገለጸው፣ የተበከለ ዕቃ ነክቶ የመያዝ ዕድል በአብዛኛው ከ10,000 አንድ እንኳ አይሞላም። እጅን መታጠብ ለብዙ በሽታ ስለሚበጅ አልተውኩትም። ፌስታል በአልኮል መጥረግ ግን ተውኩ። ከጥንቃቄዎቻችሁ ውስጥ ድካም እንጂ ጥቅም የሌለውን ስትጥሉ ትከሻችሁ ሲቀል ይሰማችኋል።

ወረቀቱ ላይ «ከታመምኩስ?» የሚለው በደንብ ይጻፍ፣ ምክንያቱም ሌሊት የሚያስፈራን እሱ ነው። የምርመራ ኪት የት እንደተቀመጠ ጻፉ። ምልክት እያላችሁ ፈጣን ምርመራው ነጋቲቭ ቢል ከ48 ሰዓት በኋላ መድገም እንዳለባችሁ ጻፉ፣ አንድ ነጋቲቭ ውጤት የመጨረሻ መልስ አይደለም። ለማን እንደምትደውሉ ጻፉ። ዕድሜያችሁ የገፋ ከሆነ ወይም እንደ ስኳር፣ የልብና የሳንባ ያሉ በሽታዎች ካሉባችሁ፣ የቫይረሱ መድኃኒት ለእናንተ ይሆን እንደሆነ ከአሁኑ ጠይቁ። እንደ ፓክስሎቪድ ያለው መድኃኒት ምልክት ከታየ በ5 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት፣ ታሞ ማፈላለጉ ጊዜ ይበላል።

አንድ ጥብቅ ደንብ ደግሞ አለ፤ ወረቀቱ ሌሊት አይሻሻልም። የሚሻሻለው ቀን፣ ልባችሁ ሲረጋ፣ አንድ እውነተኛ ነገር ሲቀየር ነው። ለምሳሌ አካባቢያችሁ ሕመምተኛ ሲበዛ ወይም ሐኪም አዲስ ነገር ሲነግራችሁ። ጭንቀት እኩለ ሌሊት ላይ አዲስ ሕግ ይዞ ከመጣ «ነገ ጠዋት አየዋለሁ» በሉት። ብዙ ጊዜ ጠዋት ሲነጋ ራሱ ጠፍቶ ይገኛል።

ወሬውንም እንቁረጥ። በ2020 እ.ኤ.አ. በየቀኑ ዜና ማየት ትርጉም ነበረው፣ መመሪያው በየሳምንቱ ይቀየር ነበርና። አሁን በሳምንት አንድ ቀን፣ ከአንድ የታመነ ምንጭ፣ ለሃያ ደቂቃ ይበቃል። አልጋ ላይ ሆኖ ስልክ መጎርጎር ፈጽሞ ይቅር። አዲስ ዝርያ ተገኘ የሚል ርዕስ ስታዩ ሦስት ነገር ፈልጉ፦ ከበፊቱ የባሰ ሕመም ያመጣል? ክትባቱና መድኃኒቱ ይሠሩበታል? እኔ የማደርገውን ይቀይራል? ኦሚክሮን በኖቬምበር 2021 እ.ኤ.አ. ከታወቀ ወዲህ ስንት ስም እየተሰጣቸው ስንት ዝርያዎች መጥተው ሄደዋል። ቫይረስ ይለዋወጣል፣ ጠባዩ ነው። የሦስተኛው ጥያቄ መልስ «አይቀይርም» ከሆነ ገጹን ዝጉት።

አሁን ወደ ሰውነት። የሚያስቸግረው ይህ ነው፤ ጭንቀት ራሱ ኮቪድ ይመስላል። ደረት ይጨመድዳል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ልብ ይመታል፣ ጉልበት ይከዳል። ሰውየው ይህን ሲሰማው «ያዘኝ» ብሎ ይደነግጣል፣ ድንጋጤው ትንፋሹን ያሳጥረዋል፣ ትንፋሹ ሲያጥር ይበልጥ ይደነግጣል። ትኩሳትና አዲስ የጀመረ ሳል ግን እንደ ወትሮው የጭንቀት ምልክቶች አይደሉም፣ እነሱ ካሉ ምርመራ ነው። ተቀምጣችሁ መተንፈስ ካቃታችሁ፣ የማይለቅ የደረት ሕመም ካለ፣ ግራ መጋባት ወይም ከእንቅልፍ መንቃት አለመቻል ከመጣ፣ ከንፈር ወይም ጥፍር ከጠቆረ ወይም ከገረጣ፣ ጭንቀት ነው አይደለም ብላችሁ አትከራከሩ። ወዲያው ድንገተኛ ሕክምና ሂዱ።

እነዚህ ከሌሉና ድንጋጤው ብቻ ከሆነ፣ ትንፋሽ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ ሳቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ። ምስጢሩ ያለው በማውጣቱ ላይ ነው። ረዘም ተደርጎ የሚወጣ ትንፋሽ የልብ ምትን ያረጋጋል። አምስት ደቂቃ አድርጉት። ራስ ካዞራችሁ አቁሙ። ከባድ ድንጋጤ ብዙውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ገደማ ጣሪያው ላይ ደርሶ ይወርዳል፣ ይህን ማወቄ ብቻውን ስንት ሌሊት አድኖኛል።

ስለ ጣት ኦክስጅን መለኪያ አንድ ነገር ልበል። ሐኪም ለካ ካላችሁ ለኩ። ካላላችሁ ቀኑን ሙሉ ጣት ላይ ሰክቶ መዋል ጭንቀትን መቀለብ ነው። ደግሞም ጣት ከቀዘቀዘ ወይም ጥፍር ቀለም ከተቀባ ቁጥሩ ይሳሳታል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ ትክክለኛውን መጠን ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ትንፋሽ ካጠራችሁ ስሜታችሁን እመኑ፣ ታከሙ።

ጭንቀቱ ቀኑን ሙሉ የሚከተላችሁ ከሆነ ቀጠሮ ስጡት። እውነቴን ነው። በቀን አንድ የታወቀ ሰዓት፣ ከመኝታ ራቅ ያለ፣ 15 ደቂቃ። ሐሳቡ ጠዋት ከመጣ በአንድ መስመር ጻፉትና «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ» በሉት። ሰዓቱ ሲደርስ ተቀምጣችሁ ሁሉንም አንብቡ፣ ልታደርጉበት የምትችሉት ነገር ካለ አድርጉ፣ ከሌለ ሐሳቦቹን የጻፋችሁበትን ወረቀት ጣሉት። መጀመሪያ የማይሠራ ይመስላል። ሁለት ሳምንት ስጡት።

ከፍርሃት ብዛት የራቃችኋቸው ነገሮች ካሉ ደግሞ በአንዴ አትመለሱባቸው፣ በዚያው ግን ርቃችሁ አትቅሩ። በራቅነው ቁጥር ፍርሃቱ ይገዝፋል። ቀላሉን አስቀድሙ፦ ከአንድ ጓደኛ ጋር ደጅ ላይ ቁጭ ማለት፣ ከዚያ መስኮቱ በተከፈተ ቤት፣ ከዚያ ሰው በሌለበት ሰዓት ሱቅ። አንዱ እስኪሰለቻችሁ ድረስ ደጋግሙት፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ፍርሃቱ ሲመጣ ወዲያው አትውጡ፣ ትንሽ ቆዩ፣ ሲወርድ እዩት። ይህ ማለት ድፍረት ለማሳየት ማስክ አውልቁ ማለት አይደለም። ወረቀታችሁ አድርጉ ካለ አድርጉ።

ሰዎች ይናገሯችኋል። «አሁንም ማስክ?» ይሏችኋል። ማስረዳት የለባችሁም። «እንዲህ ስሆን ደህና ነኝ» ብላችሁ ወሬውን ቀይሩ። ለቅርብ ቤተሰብ ግን አንድ ነገር ብቻ ለዩና ለምኑ። እኔ የለመንኩት «ካመማችሁ ከመምጣታችሁ በፊት ደውሉልኝ» የሚለውን ነው። አሥር ነገር ብጠይቅ አንዱንም አላገኝም ነበር።

ሎንግ ኮቪድ ያለባችሁ ሰዎች፣ የእናንተ ለየት ይላል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ትርጓሜ፣ ከተያዙ በ3 ወር ውስጥ የሚታይና ቢያንስ 2 ወር የሚቆይ፣ ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት ሕመም ነው። የምትፈሩት ነገር ደርሶባችኋል፣ ስለዚህ ድጋሚ መያዝን መፍራታችሁ አይገርምም። መከተብ ለሎንግ ኮቪድ የመጋለጥን ዕድል እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል፣ ጥንቃቄያችሁንም ማንም አይንቅባችሁ። ሥራ ከሠራችሁ በኋላ፣ አንዳንዴ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ የሚጥላችሁ ድካም ካለ፣ «በርቱ፣ ተንቀሳቀሱ» የሚለው ምክር ሊጎዳችሁ ይችላል። ጉልበታችሁን ከፋፍሉ፣ ሳይደክማችሁ አረፍ በሉ። ምልክታችሁን ሁሉ «ጭንቀት ነው» ብሎ የሸኛችሁ ባለሙያ ካለ ሌላ ፈልጉ። ጭንቀትም ሕመምም አንድ ላይ ሊኖሩ ይችላሉ፣ ሁለቱም ሕክምና ይገባቸዋል።

ይህን ሁሉ ሞክራችሁ እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ሥራ መሥራት ካቃታችሁ፣ ከሰው ከራቃችሁ፣ ለብቻችሁ አትታገሉ። ከሐሳብና ከልማድ ጋር የሚሠራ የንግግር ሕክምና ለጭንቀት ጥሩ ማስረጃ ካላቸው ሕክምናዎች አንዱ ነው፣ መድኃኒትም የሚረዳቸው ብዙ ናቸው። መኖር የሚያስጠላ ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ዛሬውኑ፣ አሁን፣ ለምታምኑት ሰው ንገሩና ወደ ሕክምና ሂዱ። ለቀጠሮው ስትሄዱ «ተጨንቄያለሁ» ብቻ አትበሉ። የሁለት ሳምንት ማስታወሻ ይዛችሁ ሂዱ፦ ስንት ሰዓት እንደተኛችሁ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደለካችሁ፣ ምን ፈርታችሁ የት እንደቀራችሁ። እኔ ያንን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው ሐኪሟ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለዚያ የልደት ግብዣ ነበር።