በዘጌ ቡና ላይ በእጅ ማዳቀል

በጣና ዳር በዘጌ ደን ጥላ ሥር የሚበቅለው ቡና አረቢካ ሲሆን፣ ሮቡስታ ከሚባለው ሌላ የቡና ዝርያ በተለየ በገዛ ብናኙ (በአበባው የወንዴ ዱቄት) ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ስለዚህ ሁለት የተመረጡ ዛፎችን ማዳቀል የሚፈልግ ሰው የእናቲቱ አበባ ከመከፈቱ በፊት መድረስ አለበት። ሁለቱም ወላጆች አረቢካ ይሁኑ፤ አረቢካ 44፣ ሮቡስታ ደግሞ 22 ክሮሞዞም (የዘር ውርስ ተሸካሚ ክሮች) ስላላቸው ዲቃላቸው አብዛኛውን ጊዜ መካን ይሆናል።

ከደረቁ ወራት በኋላ ዝናብ ሲጥል እምቡጦቹ ያብጣሉ፤ ከሳምንት እስከ ዐሥር ቀን ባለው ጊዜም ይፈነዳሉ። ሊፈነዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ነጭ ሆነው ይረዝማሉ። በዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ በቅርንጫፉ ላይ የተከፈቱትንና ገና አረንጓዴ የሆኑትን ያስወግዱና፣ የቀሩትን እምቡጦች ነጭ ቱቦ (የአበባውን ቅጠል) ከሥሩ ዙሪያውን በትንሽ መቀስ በስሱ ቆርጠው ወደ ላይ ይሳቡት። ወንዴ ክፍሎቹ ከአበባው ቅጠል ጋር የተያያዙ በመሆናቸው አብረው ይወጣሉ፤ የሚቀረው ጫፉ እንደ ባላ የተሰነጠቀ ቀጭን ሴቴ ክር ብቻ ነው። መቀሱ ጠልቆ ይህን ክር ከነካ አበባውን ይተዉት፣ አይረባም።

ቅርንጫፉን ወዲያውኑ በወረቀት ከረጢት ይሸፍኑ፤ ፕላስቲክ በባሕር ዳር ፀሐይ ስለሚያልብ አይመከርም። በማግስቱ ጠዋት፣ አስቀድሞ ተሸፍኖ ከቆየው አባት ዛፍ የተከፈተ አበባ ቀጥፈው ብናኙን በባላው ጫፍ ላይ ያስነኩ፤ ከዚያም መልሰው ሸፍነው የሁለቱን ዛፎች መለያና ቀኑን በእርሳስ ጽፈው ያንጠልጥሉ። ጥቂት አበቦችን ወንዴያቸውን አስወግደው ሳያዳቅሉ ሸፍነው ይተዉ፤ እነርሱ ፍሬ ከያዙ የውጭ ብናኝ ገብቷል ማለት ነው። ከረጢቱ ከሳምንት በኋላ ይነሣል፣ ቀዩ ፍሬም ከ7 እስከ 9 ወር ባለው ጊዜ ይለቀማል።