በቤት ዕቃ ጋዝ ስትለኩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ጋዝ ለመለካት የግድ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ሲሪንጅ፣ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ፣ ውሃ የሞላ ሳፋና የሚገለበጥ ጠርሙስ ይበቃሉ። ጠርሙሱን ውሃ ሞልታችሁ ሳፋው ውስጥ ትዘቀዝቁታላችሁ፤ በቱቦው የሚገባው ጋዝ ውሃውን ገፍቶ ቦታውን ይይዛል። የጋዝ ልክ ግን በሙቀትም በግፊትም ይለዋወጣል። ቁጥሩ ትክክል መስሎ ጉድ የሚሠራንም ለዚህ ነው።

ጋዙ እንዳያመልጥ ብሎ ሁሉን ነገር ጥርቅም አድርጎ መክደን። ይሄ መጀመሪያ ይምጣ፤ ሌሎቹ ቁጥር ያበላሻሉ፣ ይሄ ግን ዓይን ያጠፋል። ጋዙ መውጫ ካጣ ጠርሙሱ ይፈነዳል። መነጽር አድርጉ። በረኪናን ከአሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ አቼቶም አሲድ ነው፣ የሚወጣው ክሎሪን ደግሞ መርዝ ነው። ሃይድሮጅን በምትሰበስቡበት አካባቢ እሳት አይኑር።

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ልክ ማመን። 500 ሚሊ ሊትር የሚለው የመጠጡ ልክ ነው፤ ጠርሙሱ እስከ አፉ ሲሞላ ከዚያ በላይ ይይዛል። ስለዚህ ጠርሙሱን ሚዛን ላይ አቁማችሁ ውሃ እየጨመራችሁ፣ በየ10 ግራሙ በማይለቅ ቀለም አስምሩ። በክፍል ሙቀት 1 ግራም ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ነው ብትሉ ብዙም አትሳሳቱም። ቁጥሮቹን ግን ገልብጣችሁ ጻፉ፤ የምታነቡት ጠርሙሱ ተዘቅዝቆ ነው። ቡሬት (መስመርና መክፈቻ ያለው ቀጭን የመለኪያ ቱቦ) ያላችሁም እንዳትሸወዱ፦ በመጨረሻው መስመርና በመክፈቻው መካከል ያልተሰመረ ቦታ አለ። ቡሬቱ ሲዘቀዘቅ ጋዙ መጀመሪያ የሚሞላው እሱን ነው።

ውሃውን እኩል ሳያደርጉ ማንበብ። አብዛኛው ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። የጠርሙሱ ውሃ ከሳፋው ውሃ ከፍ ብሎ ከቆመ፣ የጋዙ ግፊት ከውጭው አየር ያንሳል፤ ስለዚህ ጋዙ ተለጥጦ ሰፊ ቦታ ይይዛል። የ13.6 ሴንቲ ሜትር ውሃ ልዩነት በግፊት መለኪያ 10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ማለት ነው። ጠርሙሱን ዝቅ ከፍ አድርጉት። የውስጡና የውጩ ውሃ እኩል ሲሆን፣ ዓይናችሁን ከውሃው ጋር አስተካክላችሁ አንብቡ።

አሁንም አልጨረስንም። ጋዙ ውስጥ የውሃ እንፋሎት አለ፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግፊቱ 17.5 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ በሌላው የግፊት መለኪያ በሄክቶፓስካል ደግሞ 23.3 ገደማ ነው። ይህን ከአየሩ ግፊት ቀንሱ፤ የሚቀረው የጋዙ የራሱ ግፊት ነው። የአየሩን ግፊት ከአየር ትንበያ ላይ አትውሰዱ፤ እዚያ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ወደ ባሕር ወለል የተመለሰ ቁጥር ነው። 2000 ሜትር ከፍታ ላይ እውነተኛው ግፊት ወደ 795 ሄክቶፓስካል ይጠጋል፤ በባሕር ወለል ግን 1013 ነው። ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) ያለው ስልክ ይሻላችኋል። 22.4 ሊትር የሚባለው የአንድ ሞል (በኬሚስትሪ የቁስ መጠን መለኪያ) ጋዝ ልክም በ0 ዲግሪና በ1 አትሞስፌር፣ ማለትም በባሕር ወለል ግፊት ነው እንጂ በእናንተ ክፍል ውስጥ አይሠራም።

ካርቦን ዳይኦክሳይድን በተራ ውሃ ላይ መሰብሰብ። ቤኪንግ ሶዳና አቼቶ ለጀማሪ ቀላል ነው፣ ጋዙ ግን ውሃ ይወዳል፦ በ20 ዲግሪ 1 ሊትር ውሃ 0.9 ሊትር ገደማ ያሟሟል። የለካችሁት የተረፈውን ብቻ ነው ማለት ነው። በሲሪንጅ ሰብስቡት። ሲሪንጅ ከሌለ ጨው እስኪበቃው የጠጣ ውሃ ተጠቀሙ፤ ኪሳራውን ይቀንሰዋል። ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ላይ ይህን ያህል አትጨነቁ።

የመጀመሪያዎቹን አረፋዎች መድፋት። ንጹሕ ጋዝ ስትፈልጉ ልክ ነው። መጠን ስትለኩ ግን ስህተት ነው፤ መጀመሪያ የሚወጣው አየር በአዲሱ ጋዝ ተገፍቶ የወጣ ስለሆነ ይቆጠራል።

ትኩሱን ማንበብ። ከ30 ወደ 20 ዲግሪ ሲወርድ ጋዙ ከመቶ 3 ያህል ይሸበሸባል። ዕቃው እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ።

ሲሪንጁን ሳይፈትሹ መጀመር። የጎማው ጫፍ ይጣበቃል፤ ጋዙ እየገፋው እንኳ ዝም ይላል። ከማንበባችሁ በፊት መግፊያውን ቀስ አድርጋችሁ አዙሩት። መፍሰሱን ለማወቅ ደግሞ የቱቦውን ጫፍ በጣት ዝጉ፣ መግፊያውን ትንሽ ስባችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያዙና ልቀቁት። ወደነበረበት ካልተመለሰ አየር እየገባ ነው፤ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ፣ መግፊያውን ቀስ ብላችሁ እየገፋችሁ አረፋ የሚወጣበትን ፈልጉ።